ማንዴሜላ

ጥቅምት 19፣ የቡ
ከሌሊት ጀምሮ ካፊያ። አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና በላስቲክ እንደተሸፈነ ዋለ። ሚዛኑ ጋ የመጣ እሸት ጥቂት ነው።
ማታ ጋሼ ዘንድ። ደብዳቤው ዛሬም አላለቀም። የሚጻፍላቸው የድሮ አስተማሪያቸው ናቸው፤ በሕይወት አሉ፣ ሃቫና ከልጃቸው ጋር። ጋሼ ይናገራሉ፣ እኔ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። ስፓኒሹ አፋቸው ላይ እንዳለ ነው፤ ጽሕፈቱ ግን ርቋቸዋል። የሚፈልጉት አንድ ፎቶ ነው።

ጥቅምት 21
ፀሐይ ወጣች፣ ሸማ የሚያክል ደመና ብቻ።
«ማንዳሜላ» ይባል ወይስ «ማንዴሜላ»? እዚህ ላይ ቆምን። ለእኩያ ማንዳ፣ ላክ፤ ለሚከበር ማንዴ፣ ይላኩ። ከኋላ «ሜ» ለእኔ፣ «ላ» ፎቶዋን፤ ፎቶ በነሱ ቋንቋ ሴት ናት። ሁሉም በአንድ ቃል ተጣብቆ ይጻፋል። እኛ «ይላኩልኝ» ስንል አንዱን ብቻ ነው የምናስጠጋው፤ «ፎቶውን» ለብቻው ይቆማል። እነሱ ሁለቱንም ያስከትላሉ።
«ጻፍ» ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ለእኩያ ኤስክሪቤ፣ ለሚከበር ኤስክሪባ። የአንድ አናባቢ ለውጥ ነው አክብሮቱ። በዚያ ላይ ጭራው ሲቀጠል ድምፁ የሚጠነክርበት ቦታ እንዳይነቃነቅ «ማን» ላይ ምልክት ይደረጋል። ጋሼ ምልክቱን ረስተውታል፤ ሲናገሩ ግን አይስቱም።

ጥቅምት 22
«ኡስቴድ»፣ የነሱ «እርስዎ»፣ ድሮ «ቸርነትዎ» እንደማለት ከሆነ አጠራር አጥሮ የቀረ ነው። ስለዚህ ፊት ለፊት ያለውን ሰው እንደሌለ አድርገው፣ በሦስተኛ መደብ ይይዙታል። የኛም «ይላኩ» እኮ ለእሳቸውም ለእርስዎም አንድ ነው። ሳላስተውለው ስንት ዓመት ተናግሬዋለሁ። ሰው ሲከበር ለምን ትንሽ ራቅ እንደሚደረግ አልገባኝም። ስስት ይሆን? ፍርሃት?

ጥቅምት 26
እሸት ገባ፣ በብዛት። እስከ ምሽት መዝገብ ላይ።
ጋሼ ሳይጠየቁ አወሩ። አባታቸው በ1970 በሶማሊያው ጦርነት የቀሩ ናቸው። ከዚያ ወደ ኩባ የወሰዳቸው መርከብ፣ ከዚያ ደሴቱ። ድሮ የጥዶች ደሴት ይባል የነበረው፤ በዚያው ዓመት ነው የወጣቶች ደሴት የተባለው። የአንጎላ ልጆች፣ የሞዛምቢክ ልጆች፣ የናሚቢያ ልጆች፣ እያንዳንዱ በየትምህርት ቤቱ። ግማሽ ቀን ክፍል፣ ግማሽ ቀን የብርቱካንና የግሬፕፍሩት እርሻ። በሺዎች የሚቆጠሩ የኛ ልጆች። አዲስ አበባ ሲሄዱ ትግላችን ሐውልት ጋ ሳይቆሙ አይመለሱም፤ በዚያ ጦርነት የወደቁት ኩባውያን ፎቶ አለበት።
«ሲያመኝ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቤ የተቀመጡት አስተማሪዬ ናቸው» አሉ። ከዚያ ዝም።

ኅዳር 2
ጠዋት ጉም፣ የአጋሮ መኪና መብራት አብርቶ አለፈ።
ክልከላው ሌላ ነው። «አይጨነቁ» ለማለት «ኖ ሴ ፕሬኦኩፔ»። ጭራ የነበረው ወደ ፊት ይዘላል፣ ተነጥሎም ይጻፋል። በአማርኛ «ይንገሩኝ»፣ «አይንገሩኝ»፤ «ኝ» ከቦታዋ አትነቃነቅም። ሚዛን ላይ በኦሮምኛ «ይንገሩኝ» ለማለት ለሽማግሌ «ነቲ ሂማ» እላለሁ፣ ለእኩያዬ «ነቲ ሂሚ»። በኦሮምኛ «ለእኔ» ሁልጊዜ ከፊት ነው፣ ቢታዘዝም ቢከለከልም። ጋሼ ሦስቱንም ያለ ሐሳብ ይናገሩታል። እኔ ነኝ የምጨነቀው።
ኩባ ውስጥ አንቱታው እየላላ ነው ይላሉ፤ ሰው ቶሎ አንተ አንቺ ይባባላል። ታዲያ «ማንዴሜላ» ቀዝቃዛ ሆኖ ቢሰማቸውስ? ልጅነታቸው ላይ ምን ይሏቸው እንደነበር ጋሼ እርግጠኛ አይደሉም። «እናቴን አንቺ ብያቸው አላውቅም» ብቻ አሉ።

ኅዳር 5
ተላከ። ኤስክሪባሜ። ማንዴሜላ። መጨረሻው ላይ «ኩዊዴሴ»፣ ራስዎን ይጠብቁ። ጋሼ ሁለቴ አስነበቡኝ።

ኅዳር 9
ምንም የለም። ኔትወርክም የለም። ቀይ ቡና፣ ሰው፣ ጩኸት።

ኅዳር 11
መጣ! ድምፅ ነው፣ ጽሑፍ አይደለም። የአሮጊት ድምፅ፣ ፈጣን፣ ግማሹን አልያዝኩትም። ፎቶው አልተገኘም፤ ልጃቸው እየፈለገች ነው። ጋሼን አንተ ይሏቸዋል፣ «ኤስክሪቤሜ»። ቆጣ ብለው ደግሞ «ኖ ሜ ትራቴስ ዴ ኡስቴድ»። አንቱ አትበለኝ።
ጋሼ መልሰው መላልሰው ሰሙት። «ታዘዝኩ» አሉ፤ ቆይተው ግን «አፌ እሺ አይለኝም»።

ኅዳር 12
የሚቀጥለው ደብዳቤ በማንዴ ይሁን በማንዳ አልተወሰነም። እኔ ማንዳ እላለሁ፣ እሳቸው ጠይቀዋልና። ጋሼ ፎቶው ይምጣና እናያለን ይላሉ። ነገ ሁለት መኪና እሸት ይገባል፤ እስከ እሑድ አንጽፍም።