የአናጢው ሳምንትና የቅዳሜ ጨዋታ

የእጅ ሥራ ሰው በሳምንቱ መካከል የሚታወቀው በሙያው ብቻ ነው። በሩ በልክ ሲገጥም ያመሰግኑታል፥ መስኮቱ አልዘጋ ሲል ይወቅሱታል፤ ከዚህ አልፎ ስለ ሰውነቱ የሚጠይቅ የለም። ባለሙያው ዕረፍት ባገኘ ጊዜ የሚያደርገው ነገር ግን ትንሽ ቢመስልም፥ ከሙያው በስተ ኋላ ያለውን ሰው ይገልጠዋል። ለዚህም ነገር በስኮትላንድ የባሕር ዳር ከተሞች የሠራተኞች ጨዋታ የሆነው ጎልፍ መልካም ምሳሌ ይሆናል።

ጎልፍ ማለት በሰፊ መስክ ላይ ትንሽ ኳስ በበትር እየመቱ፥ በየርቀቱ ወደ ተቈፈሩ ጕድጓዶች የማስገባት ጨዋታ ነው። ጕድጓዶቹ 18 ናቸው፤ የእያንዳንዱም አፍ ስፋት ከ11 ሳንቲ ሜትር ጥቂት ያንሳል። ኹሉንም በጥቂት ምት የጨረሰ እርሱ አሸናፊ ነው። ቆልማማ በትር ይዞ የገናን ጨዋታ ለተጫወተ ሰው ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ ግን ብዙ ነው፤ በገና ጨዋታ ሁለት ወገን ተሰልፎ በአንዲት ሩር ይሻማል፤ በጎልፍ ግን እያንዳንዱ የራሱን ኳስ ይመታልና ባላጋራው ሜዳውና የገዛ እጁ ናቸው።

ጨዋታው በዚያ አገር እጅግ የቈየ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1457 ዓመት የስኮትላንድ ሸንጎ፥ ሕዝቡ የቀስት ልምምዱን እየተወ ወደዚህ ጨዋታና ወደ እግር ኳስ ስላዘነበለ፥ ሁለቱንም በአዋጅ ከልክሎ ነበር። አዋጁ አለፈ፥ ጨዋታው ግን ቀረ። በ1754 ዓመት በሐዋርያው በእንድርያስ ስም በተጠራችው በሴንት አንድሩስ ከተማ መኳንንትና ባለጸጎች የጎልፍ ማኅበር አቆሙ። በዚያን ዘመን ኳሱ በቆዳ ከረጢት ውስጥ የተቀቀለ ላባ ታጭቆ የሚሠራ ነበርና፥ ብልህ ሠራተኛ እንኳ በቀን ከሦስትና ከአራት የበለጠ አያወጣም ነበር፤ ስለዚህ ዋጋው ለድኻ የሚቀመስ አልነበረም። ከ1848 ዓመት ገደማ ጀምሮ ግን ጉታ ፐርቻ ከሚባለው የዛፍ ሙጫ የሚሠራ ርካሽ ኳስ ተገኘና ሜዳው ለብዙ ሰው ተከፈተ።

የእጅ ባለሙያዎችም ዝም ብለው አልተመለከቱም። በዚያችው በሴንት አንድሩስ በ1843 ዓመት የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። በ1850 ዓመት የወጣው የእንግሊዝ የፋብሪካ ሕግ የፈትልና የሽመና ፋብሪካዎች ቅዳሜ ከቀኑ በ8 ሰዓት ሥራ እንዲያቆሙ አዘዘ፤ የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዕረፍትም እየዋለ እያደረ ለሌላው ሠራተኛ ደረሰ። በእንግሊዝ አገር በኖርዘም መንደር የሠራተኞች የጎልፍ ማኅበር በ1888 ዓመት ተቋቋመ። የዚያ መንደር ልጅ ጆን ሄንሪ ቴይለር የሌሎችን የመጫወቻ በትር እየተሸከመና ለግንበኞች የቀን ሥራ እየሠራ አድጎ፥ የብሪታንያን ታላቅ ውድድር አምስት ጊዜ አሸነፈ። እንዲህ ባሉ ማኅበሮች ብዙ ሠራተኞች ሜዳውን በመንከባከብ እያገዙ፥ በጥቂት ክፍያ የመጫወት ፈቃድ ያገኙ ነበር።

አንባቢ እንግዲህ ዛሬ በሴንት አንድሩስ የሚኖር አንድ አናጢ በዓይነ ልቡናው ይመልከት። ሰኞ የባሕር እርጥበት ያሳበጠውን በር ሲልግ ይውላል፤ ማክሰኞ የተናጋ የእንጨት ደረጃ ያጸናል፤ ረቡዕ ውኃ ልኩን ይዞ ከመስኮት ወደ መስኮት ይዞራል። ቴሌፎኑ በኪሱ ውስጥ አያርፍም፤ አንዱ ለምን ዘገየህ ይለዋል፥ ሁለተኛው ዋጋ ቀንስ ይለዋል። ሐሙስ ማታ ልጆቹ ሲተኙ የሒሳብ ደብተሩን ይከፍታል። በዚህ ኹሉ መካከል ቅዳሜን ያስባታል፤ ለማኅበሩ ውድድር ስሙን አስመዝግቧልና።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የአንዲት አሮጊት ቤት ኮርኒስ ሲያድስ፥ ከላይ ካሉት ወራጆች የአንዱ ጫፍ በስብሶ አገኘው። ዋጋው አስቀድሞ ተቈርጧል፤ ወራጁን መለወጥ ደግሞ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ጎኑን በአንድ ቍራጭ ጣውላ ደግፎ፥ ሁለት ምስማር መትቶ፥ ሳንቃውን በላዩ ገጠመበት። ሲታይ አማረ። ባለቤቲቱም አመስግና ከፈለችው።

በማግስቱ ማለዳ ወደ ሜዳው ወረደ። በዚህ ጨዋታ ደካማው ከብርቱው ጋር እኩል እንዲወዳደር፥ እንደ ችሎታው መጠን የምት ቅናሽ ይሰጠዋል፤ ስለዚህ አናጢው ከባንክ ጸሐፊውና ከሐኪሙ ጋር አንድነት ተሰልፎ አያፍርም። ከ14ኛው ጕድጓድ በፊት ኳሱ ከረጅም ሣር ውስጥ ገባች። ብቻውን ወደ እርስዋ ቀርቦ በትሩን ከኋላዋ ሲያሳርፍ፥ ሣሩ ተነቃነቀና ኳሷ የጣት ስፋት ያህል ተንከባለለች። ጓደኞቹ በሩቅ ነበሩ፤ ያየ አልነበረም። ሕጉ ግን ኳሱን ያንቀሳቀሰ ተጫዋች አንድ ምት ይጨመርበታል ይላል። አናጢው ተመልሶ ቍጥሩን ለያዘለት ጓደኛው፥ «አንድ ጨምርብኝ» አለው። በዚያች በአንዲት ምት ዋንጫውን አጣ።

ይህ ነገር በታላላቆቹም ዘንድ የታወቀ ነው። በ1925 ዓመት በአሜሪካ ታላቅ ውድድር ላይ ቦቢ ጆንስ የተባለው ስመ ጥር ተጫዋች፥ ሌላ ሰው ያላያትን የኳሱን እንቅስቃሴ ራሱ ተናግሮ አንድ ምት አስጨመረ። በዚያም ምክንያት ከአንድ ተወዳዳሪ ጋር እኩል ሆኖ ስለ ጨረሰ፥ እንደ ገና ተጋጥመው ተሸነፈ። ሲያመሰግኑትም ምስጋናውን አልተቀበለም። ጆንስ በውድድር ዘመኑ ኹሉ ለገንዘብ ያልተጫወተ አማተር ነበር፤ የዚህም ቃል ሥሩ ላቲን ሲሆን ትርጓሜው ወዳድ ማለት ነው።

ስለ ፍቅር የሚጫወት ሰው እውነት መናገሩ ግን ብዙ አያስደንቅም፤ የሚያጣው ዋንጫ ነውና። ዋጋ የሚያስከፍለው እውነት በእንጀራ ላይ የሚነገረው ነው። አናጢውም ይህን ሳያስተውል አልቀረም። በማታው በእልፍኙ ተቀምጦ ባልንጀሮቹ ስለ አንዲቱ ምት ያወሩለትን ምስጋና ባሰበ ጊዜ፥ የታሰበችው ምት ሳትሆን ከኮርኒሱ በላይ ያለችው ቍራጭ ጣውላ ነበረች። በአንዲት ጣት ስፋት ራሱን የከሰሰ ሰው፥ ክንድ ስለሚያህል ብስባሽ ዝም ብሎ ነበር።

በዚያች ከተማ ጥንታዊው ሜዳ ከጥቂት ታላላቅ ውድድሮች በቀር እሑድ ለጨዋታ ዝግ ነው፤ ሣሩ ያርፋል፥ ሕዝቡም ይንሸራሸርበታል። አናጢው ልጆቹን ይዞ በዚያ ሲመላለስ ዋለ። ሰኞ ማለዳ መጋዙንና አዲስ ወራጅ ተሸክሞ ከአሮጊቲቱ በር ቆመ፤ ገና ሳይገባም ያደረገውን ነገራት። እርስዋም ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ተመለከተችውና መሰላሉን እንዲያቆም ፈቀደችለት። የእንጨቱንም የእጁንም ዋጋ አልጠየቃትም። በዚያው ማለዳ ይጠብቀው የነበረ ሌላ ደንበኛ ግን ተቈጥቶ ሥራውን ለሌላ አናጢ ሰጠበት፤ በዚያም ሳምንት የሒሳቡ ደብተር ጐደለ።

እንግዲህ ጨዋታ ሰውን ጻድቅ ያደርገዋል የሚል ቢኖር ተሳስቷል፤ በሜዳ እውነተኛ ሆኖ በገበያ የሚያታልል ሞልቷል። ጨዋታ የሚያደርገው ይህን ብቻ ነው፤ ሰው ራሱ የራሱ ዳኛ ሆኖ መቍጠር እንደሚቻለው ትርፍና ኪሳራ በሌለበት ስፍራ ያሳየዋል። ከዚህ በኋላ አልቻልሁም ብሎ የሚያመካኝበት ነገር አይቀርለትም። ግንበኛ ከልስኑ በታች፥ ልብስ ሰፊ ከገበሩ በታች፥ ጸሐፊም ከመዝገቡ ገጽ በታች ሌላ የማያየው ሥራ አለው። የሰው ሙያ የሚመዘነው በሚታየው ነው፤ ሰውየው ራሱ ግን የሚመዘነው በዚያ በተሸፈነው ነው፤ በዚያም ስፍራ ከእርሱ በቀር ምቱን የሚቈጥርለት የለም።