«ለውሻ ደግሞ ሐኪም?»

አዲስ አበባ ውስጥ የግቢ ውሻ ማነከስ ሲጀምር መጀመሪያ የሚከፈተው የቤቱ መሳቢያ ነው። ለአባወራው ወገብ ታዝዞ የተረፈ ዳይክሎፌናክ አለ፤ ለራስ ምታት የተገዛ አይቡፕሮፌን አለ። «ሰውን ያዳነ ውሻን ምን ያደርገዋል?» ይባልና ክኒኑ በእንጀራ ተጠቅልሎ ይሰጣል። ለአንድ ቀን የተሻለው ይመስላል። ከዚያ ምግብ ይተዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ይጠቁራል። በዚህ ጊዜ የሚጠረጠረው ጎረቤት ነው። «መርዝ የወረወረለት ሰው አለ» ይባላል።

መርዙ ግን የወጣው ከመሳቢያው ነው። 15 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ አንዲት ባለ 400 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን ማለት በኪሎ ከ26 ሚሊግራም በላይ ማለት ነው። በአንድ ጊዜ 25 ሚሊግራም አካባቢ ሲደርስ የጨጓራ ጉዳት ምልክት ሊታይ ይችላል፤ መጠኑ በጣም ሲጨምር ኩላሊት ይከተላል። ግማሿ ክኒንም ብትሆን በየቀኑ ከተደጋገመች ጨጓራውን ታቆስላለች። ምክንያቱም መድኃኒቱ በውሻ ጉበትና አንጀት መሀል እየተመላለሰ ቶሎ ከሰውነቱ አይወጣም። ስለዚህ ነገሩ የክብደት ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ የአካሉ አሠራር ራሱ ከሰው ይለያል።

(በነገራችን ላይ፣ ዳይክሎፌናክ የሕንድን ጥንብ አንሣዎች የፈጀ መድኃኒት ነው። ለከብት ሕመም ይሰጥ ነበር፤ በድኑን የበሉት አሞሮች ግን ኩላሊታቸው እየደከመ በገፍ አለቁ። የሕንድ መንግሥት ለእንስሳት እንዳይውል የከለከለው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ለላሟ ፈውስ የሆነው ለአሞራው ሞት ሆነ።)

መሳቢያው ባዶ ከሆነ ወደ ሰፈሩ ፋርማሲ ይኬዳል። «ለማን ነው?» «ለውሻ።» ባለሙያዋ ፈገግ ትላለች፤ «እንግዲህ የልጆቹን ይሞክሩለት» ብላ ሽሮፕ ታወጣለች። በደግነት ነው። ነገር ግን ስኳር የሌላቸው አንዳንድ ሽሮፖች ዛይሊቶል በሚባል ማጣፈጫ ይሠራሉ። ይህ ማጣፈጫ ሰውን አይጎዳም፤ የውሻን ኢንሱሊን ግን በድንገት አንሮ የደም ስኳሩን ያወርደዋል።

ሁለተኛው በር የእንስሳት መድኃኒት ቤት ነው። እዚያ መደርደሪያው የተሞላው ለከብት፣ ለበግና ለዶሮ ነው። አይፈረድባቸውም፤ አገሪቱ በከብት ብዛት ከአፍሪካ ግንባር ቀደም ናት፣ የእንስሳት ሕክምናውም የተደራጀው በዚያው ልክ ነው። ችግሩ የውሻው ባለቤት «እከክ ይዞታል» ሲል የሚሰጠው ያው የከብቱ ብልቃጥ መሆኑ ነው።

አይቨርሜክቲንን እንውሰድ። ብዙ ሰው «ሜክቲዛን» በሚለው ስሙ ያውቀዋል፤ በወንዝ ዳር የሚኖሩ ወገኖችን ከኦንኮሰርካ ዓይነ ስውርነት የታደገ፣ ፈልሳፊዎቹንም በ2015 እ.ኤ.አ. ለኖቤል ያበቃ ድንቅ መድኃኒት ነው። የከብቱ መርፌ ባለ 1 በመቶ ነው፤ በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ 10 ሚሊግራም አለ፣ ይኸውም ለ50 ኪሎ ከብት የሚሆን ነው። ዘበኛው በግምት አንድ ሚሊሊትር ስቦ 25 ኪሎ ለሆነ ውሻ ሲወጋ እጥፉን ሰጠ ማለት ነው። ብዙ ውሾች ይችሉታል። ኮሊ የሚባለው ዝርያና ከጀርመን ሼፐርዶች የተወሰኑት ግን መድኃኒት ወደ አንጎል እንዳይዘልቅ የሚከላከለው ጂን ጎድሎባቸው ይወለዳሉ። ይህ ጉድለት ተለይቶ የታወቀው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። እንዲህ ያለው ውሻ ይንገዳገዳል፣ ለሃጩን ያዝረበርባል፣ ዓይኑ ይጠፋል፣ ራሱን ይስታል። ማርከሻ የለውም። በየግቢው በር ላይ ከታሰሩት ስንቶቹ የሼፐርድ ክልስ እንደሆኑ አንባቢ ያውቃል፤ የትኛው ጂኑ እንደጎደለው ደግሞ በዓይን አይለይም።

«ለውሻ ደግሞ ሐኪም?» የሚለው ሳቅ ውድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ግቢ የሚጠብቅ ፍጡር ለአንድ ምርመራ ያህል ዋጋ አለው። ሐኪሙ ዘንድ ሲኬድም ባዶ እጅ አይኬድም፤ ቀድሞ የተሰጠው ሁሉ በማሸጊያው ጭምር ይያዛል። ዴክሳ ወይም ፕሬድኒሶሎን የወሰደ ውሻ የሕመም ማስታገሻ ሲጨመርለት ጨጓራው ሊበሳ ይችላል፤ ሐኪሙ ይህን ካልነገሩት በጠንቋይ አያውቀውም። ክብደቱም ቢሆን አያስቸግርም፤ ሰው ውሻውን ታቅፎ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ከዚያ የራሱን ይቀንሳል።

ትልቁ ስህተት የሚሠራው ደግሞ ቤት ከተገባ በኋላ ነው። ጠዋት ዘበኛው ይሰጣል፣ ማታ ልጅየው «አልተሰጠውም መሰለኝ» ብሎ ይደግማል። ግድግዳ ላይ በምትለጠፍ ወረቀት ሰጪው ምልክት ቢያደርግ ይህ ሁሉ ይቀር ነበር። ክኒኑን በወጥ ደብቆ መስጠትም የተለመደ ነው፤ ወጡ ግን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ነው፣ ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ቅመም ያልነካው የበሰለ ሥጋ ይበቃል። ፈሳሽ መድኃኒትን ደግሞ እንደ በሬ አንገቱን ቀና አድርጎ መጋት ወደ ሳንባው መላክ ነው። በሲሪንጅ፣ በጉንጩ በኩል፣ ጥቂት በጥቂት ይሰጠዋል።

አንድ ጊዜ ግን ክኒኑም ሲሪንጁም መቀመጥ አለባቸው። ውሻው መዋጥ አቅቶት፣ ለሃጩ እየወረደ፣ መንጋጋው ተንጠልጥሎ፣ ድምፁ ተለውጦ ሲታይ ብዙ ሰው «አጥንት ተሰክቶበት ነው» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ያስገባል፤ ወይም መድኃኒት ሊያውጠው ይታገላል። ይህ የእብድ ውሻ በሽታ ዋነኛ ምልክት ነው፤ ለሃጩ ብቻውን በቁስል በኩል ይበቃል። ሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ውሻው ሳይነካ ግቢው ውስጥ ተለይቶ ይዘጋበታል፣ የእንስሳት ሐኪም ይጠራል። ቀድሞ የነካው፣ የተቧጨረው ወይም የተነከሰው ሰው ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ክትባቱን ለመጀመር በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል። ውሻው ባለፈው ዓመት ተከትቦ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ መንገድ ላይም ሊነሳ ይችላል።