የጣት ሕመም ለጥርስ ሲተርፍ

ጥርሳችሁን ስትቦርሹ ስለ ጣቶቻችሁ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጣቶቼ እምቢ እስካሉኝ ቀን ድረስ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሐኪሞች ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚሉት የመገጣጠሚያ ሕመም ከያዘኝ 6 ዓመት ሆኖኛል። ብዙዎቻችን በደፈናው «ቁርጥማት» ብለን እናልፈዋለን። ይሁን እንጂ ብርድ ወይም እርጅና ያመጣው አይደለም። ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከለው ኃይል ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያዎች ሲያጠቃ የሚከሠት ሲሆን፣ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን አብዝቶ ይይዛል።

ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ ጣቶቼ ደርቀው ይቆያሉ። እስኪፍታቱ ድረስ እንኳን የጥርስ ብሩሽ የሻይ ብርጭቆም በደንብ አልጨብጥም። ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማድረስና የሥራ ሰዓት እንዳያልፍብኝ ስጣደፍ፣ አፌን ተጉመጥምጬ ብቻ እወጣ ነበር። ማታ ደግሞ ድካሙ አለ።

ከጊዜ በኋላ ድዴ ይደማ ጀመር። አፌ እየደረቀ እንጀራው ያለ ውኃ አልወርድ አለኝ፤ ጉንጬም በውስጥ በኩል ቆሰለ። እጅና ጉልበቱን የሚታመም ሰው ስለ ድድ ቢያወራ ቅብጠት ይመስላል ብዬ ለሐኪሜ ሳልናገር ቆየሁ። በመጨረሻ አንዱ የመንጋጋ ጥርሴ እንቅልፍ ሲነሣኝ፣ ለመገጣጠሚያዬ በምወስደው ዳይክሎፌናክ ላይ አይቡፕሮፌን እየጨመርሁ ሌሊቱን አሳልፍ ነበር።

የጥርስ ሐኪሟ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ሲሉኝ «የለም» አልሁ። ለጥርስ ምን ያገባዋል ብዬ ነው። እሳቸው ግን ጣቶቼን ተመልክተው «እጆችዎ ምን ሆነው ነው?» አሉኝ። አፍሬ መድኃኒቶቼን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

ያን ዕለት የተረዳሁት ይህን ነው። በሳምንት አንድ ቀን የምወስደው ሜቶትሬክሴት አፍን ሊያቆስል ይችላል፤ ሐኪም የሚያዝዘው ፎሊክ አሲድ ይህን ይቀንሳል። ሕመሙ የምራቅ ዕጢዎችን ሲነካ አፍ ይደርቃል፤ ምራቅ ሲያንስ ጥርስ ቶሎ ይበላል። የድድ ሕመምም በዚህ በሽታ በተያዙ ሰዎች ላይ ይበዛል። ሁለቱን ማስታገሻዎች መደራረቤ ጨጓራዬንና ኩላሊቴን ለአደጋ የሚያጋልጥ ነበር። ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው፤ ባክትሪም የሚባለው የታወቀ መድኃኒት ከሜቶትሬክሴት ጋር ቢወሰድ ደም የሚመረትበትን መቅኔ ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። እኔ ደግሞ «የለም» ብያለሁ!

ጥርሴ ሊድን ስላልቻለ፣ የጥርስ ሐኪሟ የመገጣጠሚያ ሐኪሜን ካማከሩ በኋላ ተነቀለ። የቀሩትን ለማዳን የማደርገውን ልንገራችሁ፤ ብዙ ወጪ የለበትም። የብሩሹን እጀታ በስፖንጅ ጠቅልሎ በክር ማሰር ነው፤ ወፍራም እጀታ ለደከመ እጅ ይመቻል። ብሩሹ ጠጉሩ ለስላሳ፣ የጥርስ ሳሙናውም ፍሎራይድ ያለበት ይሁን። ጠዋት እጅን በሞቀ ውኃ ማፍታታት፣ ማታ ሳይቦርሹ አለመተኛት፣ ቀን ውኃ ቶሎ ቶሎ መጎንጨት፣ የሻይ ስኳር መቀነስ ይረዳል። ሕመሙ የአገጭንና የአንገትን መገጣጠሚያም ሊነካ ስለሚችል፣ ከጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ስትቀመጡ ከአንገታችሁ ሥር ድጋፍ እንዲደረግላችሁ፣ በየመካከሉም አፋችሁን ዘግታችሁ እንድታርፉ ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ጥርስ ለማስነቀል ብላችሁ የመገጣጠሚያውን መድኃኒት በገዛ እጃችሁ አታቋርጡ። ለጊዜው ይቁም ወይስ ይቀጥል የሚለውን ሐኪማችሁ ይወስን። ወደ ጥርስ ሐኪም ስትሄዱ የመድኃኒቶቻችሁን ማሸጊያ ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ።

የእኔን ብሩሽ የጠቀለለችልኝ ትንሿ ልጄ ናት። ስፖንጁ ባረጀ ቁጥር ሳልጠይቃት ትለውጥልኛለች። እኔም ማታ ማታ አጠገቧ ቆሜ እቦርሻለሁ፤ ቀስ ብዬም ቢሆን እጨርሳለሁ። እናንተም የደከመ እጅ በቤታችሁ ካለ፣ ዛሬ ማታ እጀታውን ጠቅልሉለት።