ዘይት የሸፈነው ዝገት

ጠመንጃ ነክተው የማያውቁ ቢሆኑም ይህን ገጽ አይለፉት። ነገሩ የጠመንጃ ይምሰል እንጂ፥ ጥቂት ፊደል ቆጥሮ አገሩ የገባ ወጣት ሁሉ ሊሠራው የሚችለው ስሕተት ነው።

በ1957 ዓ.ም. ክረምት፥ ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሼ መንዝ ወደ ወላጆቼ ቤት ገባሁ። ያን ሰሞን አጎቴ ዐረፈ። በለቅሶው ዕለት አባቴ በአርበኝነቱ ዘመን ከትከሻው ያልወረደችውን ቤልጅግ ጠመንጃ ሰጠኝና፥ «ሦስት ጊዜ ተኩስ፤ ለአጎትህ ነው» አለኝ። ከዚያ በፊት በእጄ አስይዞኝ አያውቅም። ተኮስኩ፤ ትከሻዬም ሳምንት ሙሉ ሲያመኝ ከረመ፤ እኔ ግን ሕመሙን ወደድኩት።

አባቴ ለመሬት ክርክር ደብረ ብርሃን ቀጠሮ ነበረውና፥ ለቅሶው ሲያበቃ በቅሎው ላይ እንደ ተቀመጠ፥ «ዛሬውኑ በፈላ ውሃ እጠባት፤ አድርቃት፤ ቅባቱን ከዚያ በኋላ» ብሎኝ ሄደ። እናቴ ውሃውን አፍልታ አቀረበችልኝ። እኔ ግን፥ «እማዬ፥ ብረትና ውሃ አይስማሙም፤ ዝገት የሚመጣው ከውሃ መሆኑን ተምረናል» አልኳት። የተማረ ልጅ ተናግሮ ምን ትበል? ውሃውን ለቡና አደረገችው። እኔም በስፌት መኪና ዘይት በርሜሉን ወለወልኩ፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። ከዚያም ዘይት አጠጥቼ ሰቀልኳት።

አባቴ የተመለሰው በሦስተኛው ሳምንት ነው። የኋላ መዝጊያዋን አውጥቶ በርሜሉን ወደ በሩ ብርሃን አዞረና አየ። ከዚያ ምንም ሳይናገር ለእኔ ሰጠኝ። በውስጡ ያሉት ጠመዝማዛ መስመሮች በርበሬ የተነሰነሰባቸው ይመስሉ ነበር።

ምክንያቱን ያወቅሁት ኬሚስትሪ ስማር ነው። በጥይቱ ቂጥ ላይ ያለችው፥ መርፌው የሚመታት ትንሽ ቆብ፥ በዚያ ዘመን ጥይት ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት የተባለ ቅመም ትይዝ ነበር፤ በክብሪት ራስ ላይ ያለውም እርሱ ነው። ይህ ቅመም ሲቃጠል ኦክሲጅኑን ይለቅና ፖታሲየም ክሎራይድ ሆኖ በበርሜሉ ውስጥ ይለጠፋል። ይኸውም የገበታ ጨው የቅርብ ዘመድ ነው። በሐምሌ ጓዳ የተቀመጠ አሞሌ እንዴት እንደሚያልብ ያዩ እንደ ሆነ፥ በበርሜሉ ውስጥ የሆነውን አዩ ማለት ነው። ዘይት ደግሞ ጨው አያሟሟም። ላምባም እንዲሁ። (ካላመኑ ቁንጣሪ ጨው በአንድ ሲኒ ዘይት፥ ቁንጣሪ ጨው በአንድ ሲኒ ውሃ ጨምረው ይመልከቱ።) ዘይቱ ጨውን ሸፍኖ ያስቀምጠዋል፤ እርጥበቱም ከዘይቱ ሥር ገብቶ ሥራውን ይሠራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የማዕድን ቢሮ ይህንኑ ከዘይት ሥር የሚበላ ዝገት መርምሮ ጥፋተኛው ጨው መሆኑን አሳይቷል። አባቴ ስለዚህ ምርመራ አልሰማም። ውሃውን ከአባቱ ነው የተማረው፤ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከተተኮሱት አንዱ የሆነው ውጅግራ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ ነበርና፥ የዚያም ጥላሸት የሚለቀው በውሃ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለ ክሎሬት የሚሠራ ቆብ ተስፋፍቷል፤ የአሜሪካ ጦርም በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተራ ጠመንጃ ጥይቱን ለውጧል። የቆየ ጥይት ግን ጠባዩ ያው ነው። ስለዚህ ፈቃድ ይዘው የሚያስቀምጡት ዘመድ ቢኖርዎት እንዲህ ይበሉት፦ በተኮሰበት ቀን መዝጊያውን ያውጣ፤ ጥይት በሚጎርስበት በኩል በማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ያፍስስ፤ እንጨቱ እንዳይርስ አፈሙዙን ወደ ታች ያድርግ። ውሃው የፈላ እንዲሆን የሚፈለገው ጨውን ለማሟሟት ብቻ አይደለም፤ የጋለው ብረት ራሱን በራሱ ያደርቃልና ነው። የመዝጊያው ፊት ይረሳል፤ እርሱም ይታጠብ። ደረቅ ጨርቅ ይለፍበት፤ ዘይት ከዚያ ይቀጥላል። ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ ይየው።

አባቴ ያን ዕለት ውሃውን ራሱ አፈላ። እናቴ አንገቷን ደፍታ እሳቱን ትቆሰቁሳለች፤ ቀድሞ አፍልታልኝ እንደ ነበር አልነገረችውም። እኔም አልነገርኩትም። ቀዩ ታጥቦ ወጣ፤ ሥሩ የተበሳሳው ግን እንደ ተበሳሳ ቀረ። በዓመቱ የጎረቤት ለቅሶ ሲሆን አባቴ ጠመንጃዋን አወረደና ለታናሽ ወንድሜ ሰጠው፤ እኔን ውሃ እንዳፈላ አዘዘኝ።