ዳታቤዙ እምቢ ሲልሽ

ይድረስ ለልጄ ለሜሮን፦

ሰኞ ሥራ ልትጀምሪ መሆኑን እናትሽ ነገረችኝ። ኮዱ በፓይተን፣ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ፣ ከጎኑም አንድ የቆየ ማይኤስኪውኤል አለ አሉ። ስለ ደመወዙና ስለ አለቃሽ እናትሽ ትምከርሽ፤ እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁበትን ጉዳይ ላንሣ።

ኮድሽ ከዳታቤዙ ጋር አልገናኝም ሲል፣ ጥሪው የት ድረስ ሄዶ እንደቆመ ሳታውቂ አንድም ቅንብር አትንኪ። የዘንድሮ ልጆች ቀዩን ጽሑፍ ገና ሲያዩት ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ ይለውጣሉ። በኋላ ቢሠራ እንኳ የትኛው እንዳዳነው አያውቁትም። ኤረሩን እስከ ታች አንብቢው፤ ፓይተን ዋናውን ቃል የሚያስቀምጠው መጨረሻው መስመር ላይ ነው።

«ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» ካለሽ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ጋ ደርሰሻል፤ በዚያ ፖርት ላይ የሚያዳምጥ ግን የለም። ሰርቨሩ ጠፍቶ ይሆናል፣ ፖርቱ 5432 አይደለም ይሆናል። ፖስትግሬስ ደግሞ አዲስ ሲጫን ከራሱ ማሽን የሚመጣ ጥሪ ብቻ ነው የሚሰማው፤ የሚያዳምጥበትን አድራሻ ካልከፈቱለት ለውጭ ሰው ጆሮ የለውም። ዝም ብሎ ቆይቶ ቆይቶ «ታይምአውት» ካለሽ ግን ፋየርዎል ጥሪሽን ውጦታል፣ ወይም አድራሻው ስህተት ነው። ፒንግ መለሰልኝ ብለሽ አትዘናጊ። ፒንግ ስለ ፖርት የሚያውቀው ነገር የለም፤ በቴልኔት ፖርቱን ራሱን ሞክሪው። ፓስወርዱ ተሳስቷል ካለሽ ደግሞ ደስ ይበልሽ፤ ሰርቨሩ ድረስ ደርሰሽ አነጋግሮሻልና የኔትወርክ ሰዎችን አታስቸግሪ።

አንድ አሳሳች ነገር አለ። አድራሻውን በአንድ መስመር ስትጽፊ ተጠቃሚውና ፓስወርዱ ይቀድማሉ፣ ከዚያ @፣ ከዚያ የሰርቨሩ ስም ይከተላል። ፓስወርዱ ውስጥ @ ካለበት የፖስትግሬስ ድራይቨር የመጀመሪያው @ ላይ ይቆርጠዋል። የፓስወርዱን ጅራት የሰርቨር ስም አድርጎ ይፈልገውና «ይህን ስም አላገኘሁም» ይልሻል። አንቺም ግማሽ ቀን ከዲኤንኤስ ጋር ስትታገዪ ትውያለሽ። መፍትሔው ፓስወርዱ ውስጥ ያለውን @ %40 ብሎ መጻፍ ብቻ ነው።

ሎካልሆስት የሚለውን ቃልም ዝም ብለሽ አትመኚው። ሊኑክስ ላይ የማይኤስኪውኤል ደንበኛ ፕሮግራም ሎካልሆስት ሲባል በኔትወርክ አይሄድም፤ የሶኬት ፋይል ነው የሚፈልገው። 127.0.0.1 ስትይው ነው በፖርት የሚሄደው። ዶከር ውስጥ ከሆንሽ ደግሞ ሎካልሆስት ማለት ያው ኮንቴይነሩ ራሱ ነው፤ ዳታቤዙ እዚያ የለም።

ሰርቨሩ ታድሶ ድራይቨሩ ያረጀ ጊዜም ጠብ ይነሣል። ማይኤስኪውኤል 8.0 እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ የፓስወርድ ማረጋገጫ ዘዴውን ለወጠ፤ ፖስትግሬስም በ2021 በወጣው 14ኛው ስሪት ስክራም የሚባለውን መደበኛ አደረገው። የቆየ ድራይቨር ይህን አያውቅም። ፖስትግሬሱን ወደ ድሮው ኤምዲ5 መልሺው የሚልሽ ሰው አይጠፋም። እምቢ በዪው። ማደስ ያለብሽ ድራይቨሩን ነው።

ዊንዶውስ ላይ በኦዲቢሲ የምትገናኚበት ቀን ከመጣ ፓይተንሽ ባለ 64 ቢት ከሆነ ድራይቨሩም ባለ 64 ቢት ይሁን። ባለ 64 ቢቱ የኦዲቢሲ ማስተካከያ ያለው «ሲስተም32» የሚባል ፎልደር ውስጥ ነው፤ ባለ 32 ቢቱ ደግሞ «ሲስዋው64» ውስጥ። ስሙን ያወጣው ሰው ምን እያሰበ እንደነበር አንድዬ ይወቅ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ማታ 12 ሰዓት ሲሠራ ትተሽው ሄደሽ ጠዋት 2 ሰዓት ስትገቢ ሞቶ የሚጠብቅሽ ነው። ማንም ኮዱን አልነካም ይባላል፤ እውነት ነው፣ አልነካም። ማይኤስኪውኤል ሥራ የፈታ ኮኔክሽንን ካልለወጡት በስተቀር ከ28800 ሰከንድ፣ ማለትም ከ8 ሰዓት በኋላ ይዘጋዋል። ፕሮግራሙ ግን ያንኑ የተዘጋ መስመር ይዞ ነው ያደረው። ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሣት ለዛሬ ያድንሻል፤ ነገ ጠዋት ያው ነው። ኮኔክሽኑ ከመሰጠቱ በፊት በሕይወት መኖሩን እንዲያጣራ የኮኔክሽን ፑሉን አዘዢው። ፖስትግሬስ በበኩሉ ሳይለውጡት የሚቀበለው 100 ኮኔክሽን ነው። «ሰው በዛብኝ» ሲልሽ ቁጥሩን ከፍ ለማድረግ አትቸኩዪ፤ ከፍቶ የማይዘጋ ኮድ አለና መጀመሪያ እሱን ፈልጊው።

በመጨረሻ የእኛ የራሳችን ችግር አለ። የደንበኛው ስም በፊደላችን ገብቶ የጥያቄ ምልክት ድርድር ሆኖ ከወጣ ኮኔክሽኑ የሚናገረው በላቲን1 ሊሆን ይችላል። ሠንጠረዡ ትክክል ቢሆን እንኳ በመሐል ያለው መስመር ያበላሸዋል። አንዴ የጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠ ስም ተመልሶ ፊደል አይሆንም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቀን በአማርኛ ስም ፈትኚው። በዩቲኤፍ8 የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ የቆየው የማይኤስኪውኤል «ዩቲኤፍ8» እኛን ይበቃናል፤ ኢሞጂ ግን 4 ነው። ሠንጠረዡንም ኮኔክሽኑንም ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 አድርጊውና ተገላገዪ።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ። የሚያስቸግር ነገር ሲገጥምሽ ኤረሩን ሳትቆርጪ ሙሉውን ላኪልኝ፣ የድራይቨሩንና የሰርቨሩንም ስሪት ጨምሪበት። ፓስወርዱን ግን ከመላክሽ በፊት ደምስሺው።

አባትሽ