ጠባቧ ቤት

እስቲ በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ስትኳረፉ ሸሽታችሁ የምትገቡበት ክፍል አላችሁ? እኛ አንድ ወቅት አልነበረንም። ያ ወቅት ትዳራችንን እንዴት እንዳተረፈልን ላጫውታችሁ።

ታሪኩን ያስታወሰኝ ባለፈው ጥቅምት ያየሁት ነገር ነው። ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሐይቆቹ አጠገብ በሙቀት ተነሥታችሁ ዳገቱን ስትወጡት ጉም ውስጥ ትገባላችሁ። ለዘመድ ጥየቃ ከልጆቼ ጋር ዶርዜ ስንደርስ ከመንገዱ ዳር አንዲት ትልቅ መኪና ቆማ አየን። ካምፐር የሚሏት ናት፤ አልጋውም፣ ምድጃውም፣ የዕቃው መደርደሪያም በውስጧ ነው። ከአውሮፓ የመጡ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ይኖሩባታል። እናትየው ከዚያው የገዛችውን ጋቢ ተከናንባ ደጃፉ ላይ ሻይ ታፈላለች።

የመጨረሻዋ ልጄ “እማዬ፣ የእነዚህ ሰዎች ቤት ጎማ አለው!” ብላ ጮኸች። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ጠራችንና ውስጡን አሳየችን። እኔም ዩኒቨርሲቲ በምትማረው ልጄ አስተርጓሚነት “በዚህ ብርድ፣ በዚህች ጠባብ ቤት ከሁሉ የከበደሽ ምንድን ነው?” አልኳት። ባሏን አየት አድርጋ ሳቀች። “ብርዱስ ከተሸፈኑበት ያልፋል። የከበደኝ ተኳርፈው የሚገቡበት ሌላ ክፍል አለመኖሩ ነው” አለችን። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ግን ዝም አልኩ፤ ነገሩን አውቀው ነበርና።

በ2000 ዓ.ም መግቢያ ላይ ነው። አገሩ ሁሉ አዲሱን ሚሊኒየም ለመቀበል ሽር ጉድ ሲል፣ እኛ አርባ ምንጭ ሲቀላ የተከራየናት ቤት ስለተሸጠች ልቀቁ ተባልን። ያኔ ሦስት ልጆች ነበሩን፤ ትንሿ ገና ጡት አልተወችም። “ግድ የለም፣ ያጠራቀምነው አለ” ብዬ የቁጠባ ደብተሩን ብከፍት ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ቦታ ገዝተን ቤት ልንሠራበት በአምስት ዓመት ያስቀመጥነውን 8,000 ብር ባለቤቴ ለታመመ ወንድሙ መታከሚያ አውጥቶታል። ወንድሙም አልዳነም።

እኅቴ ሆይ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ? ለታመመ ሰው በመስጠቱ አልነበረም የከፋኝ። ስለደበቀኝ ነው። ወንድሙ ካረፈ በኋላ እንኳ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ቆርቆሮና ስለ ምስማር ዋጋ ሳወራው፣ ገንዘቡ እንደሌለ እያወቀ “እሺ” ይለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማነጋገር አቆምኩ።

ባለቤቴ መምህር ነው። በዚያ ዓመት ወደ ጨንቻ አካባቢ ተዛውሮ ስለነበር ዶርዜ ያሉት አጎቱ “ግቢዬ ውስጥ ያለችው ትንሿ ቤት ሰው የለባትም፤ ኑ ግቡባት” አሉን። የመስቀል በዓል እንዳለፈ ዕቃችንን ጭነን ወጣን።

የዶርዜን ቤት ያላየ ሰው ካለ ልንገረው። ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተጠልፎ ይሠራና በእንሰት ኮባ ወይም በቀርከሃ ቅርፊት ይከደናል። ፊት ለፊት ሲያዩት የዝሆን ራስ ይመስላል። ትልቁ ሲሠራ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። የእኛዋ ግን ትንሽ ናት። መስኮት የላትም፤ መካከሏ ላይ ምድጃ፣ በአንድ ወገን የቀርከሃ መደብ፣ ከአጥሩ ወዲያ የአጎታችን ላምና ጥጃዋ። ወጥ ቤቱ፣ መኝታ ቤቱ፣ ሳሎኑና በረቱ ሁሉም እዚያው ነው።

እኔ ቆላ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ጨንቻና አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ነው። በመሃል አገር መስከረም ሲጠባ ሰማዩ ይገለጣል፤ በጋሞ ደጋ ግን ዝናቡ ጥቅምትንም ይዞ ይዘልቃል። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ደጃፋችን ላይ ተኝቶ እናገኘዋለን። “በጥቅምት አንድ አጥንት” ሲባል የሰማሁት ተረት የገባኝ ያኔ ነው። ሥጋው ባይኖርም ትኩስ ቆጮ በጎመንና በዳጣ እየበላን፣ ማታ አምስታችንም በሁለት ቡሉኮ ሥር እንገባ ነበር። እሱ በአንዱ ዳር፣ እኔ በሌላው ዳር፣ ልጆቹ መካከላችን።

ውድ አንባቢያን፣ በእንዲህ ዓይነት ቤት ኩርፊያ እንዴት አስቸጋሪ እንደሆነ ልትገምቱ ትችላላችሁ። ሲቀላ ሳለን ተናድጄ ወደ ጓዳ እገባ ነበር። እዚህ ጓዳ የለም። ወደ ደጅ ብወጣ ዝናብና ብርድ ይመልሰኛል። ስለዚህ በልጆቹ በኩል መነጋገር ጀመርን። “ለአባትህ እራት ቀርቧል በለው” እላለሁ፤ አባትየው ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጦ። አንድ ማታ የስድስት ዓመቱ ልጄ ሁለታችንንም እያየ “አባዬ እኮ ሰምቷል። ለምንድን ነው እኔ የምነግረው?” አለ። መልስ አጣሁ። ባለቤቴም ጎንበስ ብሎ እሳቱን ይቆሰቁስ ጀመር።

በማግስቱ ማታ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ዝናብ መትቶታል። በእጁ እርጥብ ሳር ይዟል። ለጥጃዋ ያመጣው መስሎኝ “እዚያ ጣልላት” ልለው ነበር። እሱ ግን ሳሩን እንደያዘ ፊቴ ተንበረከከ። አንድም ቃል አልተናገረም።

በጋሞ እርጥብ ሳር ይዞ የቆመ ሰው ዕርቅ ይለምናል። ይህን ብዙ ኢትዮጵያውያን ያወቁት በመስከረም 2011 ዓ.ም ነው። ያኔ አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል የወጡ ወጣቶችን የጋሞ አባቶች ሳር ይዘው፣ መሬት ላይ ተንበርክከው መልሰዋቸዋል። እኔ ግን ያን ማታ ሳሩን ያየሁት በገዛ ቤቴ ነው። ልጆቼ እያዩኝ እንዴት እምቢ ልበል?

ልጆቹ ከተኙ በኋላ እሳቱ ዳር ተቀምጠን እስከ እኩለ ሌሊት አወራን። “ወንድሜ ሲሞት ገንዘቡም አብሮ ጠፋ። ብነግርሽ ሐዘኔን ሳይሆን ብሩን የምታለቅሺበት መሰለኝ፤ ፈራሁ” አለኝ። አልዋሽም፣ ይህን መስማት አመመኝ። ያመመኝም እውነት ስለነበረበት ነው። እኔም በተራዬ የደበቅሁትን ነገርኩት። በእነዚያ ሳምንታት ለእናቴም፣ ለጸሎት ጓደኞቼም “ጸልዩልኝ” እያልኩ ስሙን ሳጠፋ ነበር። በጸሎት ርዕስ ተሸፍኖ የሚወጣ ሐሜት ምን ያህል እንደሚጣፍጥ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ተላቀስን፤ ጸለይን። ብሩ አልተመለሰም። የመሸጉበት ዝምታ ግን ተሰበረ።

በኅዳር ሌላ ነገር መጣ። የቤቲቱን ሥር ምስጥ በላው። እኔ “አሁንስ የት እንገባለን?” ብዬ ስጨነቅ አጎታችን ሳቁ። “ቤቷ ትነሣለች እንጂ ምን ትሆናለች?” አሉኝ። ለካ የዶርዜ ቤት ተነሥቶ መሄድ ይችላል! በቀጠሮው ቀን የጎረቤት ወንዶች ተሰበሰቡ። የተበላውን ሥር ቆርጠው ጣሉ፤ ወፍራም እንጨቶች በግድግዳው አሳልፈው ቤቲቱን እንዳለች ትከሻቸው ላይ አደረጓት። ባለቤቴም ከመካከላቸው ነበር። እኔ ትንሿን አዝዬ፣ የምድጃውን ፍም በገል ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። ዕቃችን ሁሉ ሣሩ ላይ ተከምሮ ሲታይ እንዴት ጥቂት ነበር! ቤቲቱን ደረቅ ቦታ ላይ አሳረፏት፤ እኔም ፍሙን አዲሱ ምድጃ ላይ አኖርኩ። ከመምሸቱ በፊት ቡና አፈላን።

በሩ ግን ከቀድሞው አንድ ስንዝር ያህል አጥሯል። አጎታችን አጎንብሰው ሲገቡ “ቤት ባረጀ ቁጥር ዝቅ ይላል፤ የሚኖርበትም ሰው ዝቅ ማለት ይልመድ” አሉን። ለልጆቹም ከጓሯቸው የለቀሙትን አፕል ሰጧቸው። “ይህ ዛፍ እናንተ ቆላ አያፈራም፤ ብርድ ይፈልጋል” አሉ።

በጥር ወደ አርባ ምንጭ ተመለስን። ከዓመታት በኋላ የራሳችንን ቤት ሠራን፤ ዛሬ አራት ክፍል አለን። እውነቱን ልንገራችሁ? ሰፊ ቤት ለኩርፊያ ይመቻል። በር ዘግቶ መቀመጥ ቀላል ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ልማድ አድርገናል። በወር አንድ ጊዜ የባንክ ደብተራችንን አብረን እንከፍታለን። በመካከላችን ቅሬታ ሲኖር ደግሞ ከሁለታችን አንዳችንም ወደ ሌላ ክፍል አንሄድም፤ እስክንነጋገር ድረስ እዚያው እንቀመጣለን። አንዳንዴ ሌሊቱ ይረዝማል።

ብዙዎቻችሁ ይህን የምታነቡት በኪራይ ቤት፣ ምናልባትም በአንዲት ክፍል ውስጥ ሆናችሁ ይሆናል። “መቼ ነው የራሳችን ቤት የሚኖረን?” የሚለው ጭንቀት ገብቶኛል፤ እኔም አልፌበታለሁ። አባታችን አብርሃምም ዕድሜውን የገፋው በድንኳን ነው። ሰፊውን ቤት እየለመናችሁ ሳላችሁ ጠባቧ ቤት ያስጠጋቻችሁን ሰዎች አትለፏቸው። ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ያላነጋገራችሁትን ሰው በስሙ ጥሩት። በልጅ በኩል አትላኩበት፤ አጠገባችሁ ነው ያለው።