ጭቃ ያሳደረን ጊዜ

ከመቱ ጎሬ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ዛሬ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው የጀመረውን ወሬ ሳይጨርስ ይደርሳል። በእኔ ልጅነት፣ በ1970ዎቹ፣ ክረምት ከገባ ይኸው መንገድ አንዳንዴ ሙሉ ሌሊት ይበላ ነበር። ኤንትሬ የጭነት መኪናው ቁልቁለቱ ላይ ቀይ ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል፤ ረዳቱ አካፋውን ይዞ ይወርዳል፤ ሹፌሩ ወደፊት ወደኋላ ሲታገል ቆይቶ በመጨረሻ ሞተሩን ያጠፋል። ትልልቆቹ ሲያማርሩ እኛ ልጆች ደስታችንን የምንደብቅበት እናጣ ነበር። ሞተሩ ጠፋ ማለት እዚያው አደርን ማለት ነዋ! እናቴ ሸራውን ከጭነቱ ጎን ታስወጥራለች፤ በቅርብ ካለ ጎጆ ፍም ይመጣል፤ ጀበና ይጣዳል፤ ከማናውቃቸው ተሳፋሪዎች ጋር በሶ ተካፍለን፣ ሦስት አራት ሆነን በአንድ ጋቢ እንጠቀለላለን።

ለመዝናናት ብሎ ድንኳን ጠቅልሎ ከቤቱ የሚወጣ ቤተሰብ በዚያ ዘመን መቱ ውስጥ አላየሁም። ጣሪያ ያለው ሰው ሜዳ ላይ ልደር ቢል ጎረቤት ሽማግሌ ይልክበት ነበር። ሆኖም ውጭ ሳያድር ያደገ ልጅም አላውቅም። ጭቃ ያሳድረናል፤ ቡና ያሳድረናል፤ የከተራ ዕለት ደግሞ ታቦቱ ወንዝ ዳር ሲያድር እኛም ከድንኳኑ አጠገብ ነጠላ ተከናንበን እናድራለን። አሁን ወንጪና መናገሻ ሱባ ላይ ድንኳን ተክለው የሚያድሩ የአዲስ አበባ ወጣቶችን ፎቶ ሳይ፣ እኛ ያን ሁሉ ሌሊት ያገኘነው ሳንፈልገው እንደነበር አስባለሁ።

የዚህ ሁሉ ባለቤት ዝናቡ ነበር። ጎሬ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆና ከምዕራብ የሚመጣውን ደመና ቀድማ ትቀበላለች፤ በዓመት 2000 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንብባታል፣ የአዲስ አበባን እጥፍ የሚጠጋ ማለት ነው። ሌላው አገር ክረምትን ከሰኔ ሲጠብቅ፣ ኢሉባቡር መጋቢት ላይ ማርጠብ ጀምሮ ጥቅምት ድረስ አይለቅም። እናቴ ልብስ የምታሰጣው ፀሐይ ስታይ ሳይሆን ፀሐይ ትወጣለች ብላ ስትጠረጥር ነበር።

አባቴ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። መኪናው ሲያዝ ሌላው ሰው ይተኛል፣ እሱ ያስተምራል። የያዘን መንገድ፣ ይለናል፣ የዛሬ መንገድ አይደለም፤ የጎሬ ነጋዴዎች ቡናቸውን በበቅሎ ጭነው በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወርዱት በዚህ አቅጣጫ ነበር። እንግሊዞች በ1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ አግኝተው፣ ባሮ ሲሞላ ከካርቱም መርከብ ይልኩ ነበር። እዚህ ላይ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፦ «ልብ በሉ! እኛን የሚያስረን ክረምት ለእነሱ በር ከፋች ነበር። በጋ ላይ ወንዙ ሲጎድል መርከብ የለም።» በዚያ ንግድ ምክንያት ጎሬ ግሪክና ሶርያዊ ነጋዴ የሚኖርባት ከተማ ሆነች። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ ጊዜያዊው መንግሥት የተቀመጠውም እዚያው ነው፤ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ መሩት፣ ራስ እምሩም መጡ። በጥቂት ወራት ውስጥ ኢጣሊያኖች ደርሰው ከተማዋን ያዙ፤ የጎሬውን ጳጳስ አቡነ ሚካኤልንም እዚያው ገደሏቸው። ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ ስማር አልያዘኝም። ጭቃ ላይ ቁጭ ብዬ፣ በግራዋ ቅጠል ትንኝ እየከለከልኩ የሰማሁት ግን አንድም አልጠፋኝ።

የልጅነቴ ኢሉባቡር ሰፊ ነበር። ጋምቤላንም፣ ሞቻንም፣ በደሌንም ያቀፈ ክፍለ ሀገር ነበር፤ ዋና ከተማነቱን መቱ ከጎሬ የተረከበችው በ1970 ዓ.ም. ግድም ነው። የእኛ አውራጃ በሁለት ወንዞች ይጠራ ነበር፦ ሶርና ገባ። ሶር መቱን አልፎ ገባን ይቀላቀላል፤ ገባ ከብርብር ጋር ሲገናኝ ባሮ ይሆናል፤ ባሮ ዛሬ ደቡብ ሱዳን ወደምትባለው ገብቶ በሶባት በኩል ነጭ ዓባይ ይደርሳል። አንድ ጊዜ ታናሽ ወንድሜ የላስቲክ ጫማው አንዱ እግር ሶር ላይ አመለጠውና ሲያለቅስ፣ አባቴ «አይዞህ፣ ካርቱም ላይ ይጠብቅሃል» አለው። ልጁ ለረዥም ጊዜ ካርቱምን ጫማ የሚጠራቀምበት ቦታ ይመስለው ነበር።

ጋምቤላም ወርደናል። ከቡሬ ቁልቁል ሲወረድ ብርዱ በየመታጠፊያው ይቀንሳል፤ ታች ስትደርስ ሹራብህ ሸክም ይሆናል። ባሮ ዳር፣ ማንጎ ሥር አደርን። እናቴ ግን ከውኃው አጠገብ ሊያደርሰን የሞከረን ሁሉ በዓይኗ ትመልስ ነበር፤ በ1958 ዓ.ም. አንድ አሜሪካዊ በጎ ፈቃደኛ ወጣት እዚያው ባሮ ውስጥ ሲዋኝ አዞ እንደበላው መቱ ውስጥ የማያውቅ አልነበረምና። ሌሊቱን እናቴ አልተኛችም። እኛ ተኝተናል።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን የቡና ለቀማው ነው። አኮ፣ የእናቴ እናት፣ ያዩ አጠገብ የጫካ ቡና ነበራት። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ፍሬው መቅላት ሲጀምር ቤቱ በሙሉ ወደ ጫካው ይሄዳል፦ ድስቱ፣ ጀበናው፣ ዶሮዎቹ፣ ውሻው፣ ሕፃኑ። ቡና ተለቅሞ አይተውም፤ እሸቱ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል እስኪሆን ድረስ ቀን ከዝንጀሮና ከዝናብ፣ ሌሊት ከሌባ ይጠበቃል። ስለዚህ ጎጆ ይቀለሳል፣ ማማ ይሠራል። ቅዳሜ ትምህርት እንደተፈታ አባቴ እኛን ይዞ ይመጣና እስከ እሁድ ማታ እንለቅማለን። ለልጅ የሚሰጠው የታችኛው ቅርንጫፍ ነው፤ ቀዩን ብቻ፣ አረንጓዴ ከገባበት አኮ ቅርጫቱን ደፍታ እንደገና ታስለቅማለች። ጣት በእሸቱ ማር ይጣበቃል፣ ጉንዳን ይወደዋል፣ ማታ በአመድ ይታጠባል።

ማታ የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ ይበላል። አኮ ደስ ሲላት የቡናውን ፍሬ ከነገለባው በቅቤ ታበስለው ነበር፤ ከዚያ በኋላ በየትኛውም ምግብ ቤት ያንን ሽታ አላገኘሁም። ከዚያ ወንዶቹ ማማ ላይ ይወጣሉ። አጎቴ በየሰዓቱ ይጮሃል፣ ከርከሮ እንዲሸሽ፤ ከወዲያኛው ማዶ ሌላ ጠባቂ ይመልስለታል፣ ከዚያም ሌላ። እንዲህ በድምፅ ተያይዘው ሲያድሩ፣ ጫካው ሙሉ ሰው እንደነበረ የገባኝ ያኔ ነው። ሊነጋ ሲል ተራው የጉሬዛ ነው። ያ ጉርምርምታ ከአንዱ ቀረሮ ተነሥቶ ሸለቆውን ሲዞር አንበሳ የመጣ ይመስለን ነበር።

ገብረ ጉንዳን የመጣ ሌሊት ደግሞ ሁሉም ነገር ይቆማል። መጀመሪያ ዶሮዎቹ ይንጫጫሉ። አኮ በጨለማ «ልጁን!» ትላለች፤ ሕፃኑ ወጣ፣ ዶሮዎቹ ወጡ፣ እኛም በየእግራችን ላይ የተጣበቀውን እየነቀልን ወጣን። ትኩስ አመድ በደጁ ዙሪያ ይበተናል፤ አንዳንዴ ይመልሳቸዋል፣ አንዳንዴ ይስቁበታል። መንገዳቸው በጎጆው ውስጥ ከሆነ ያለው መፍትሔ እስኪያልፉ መጠበቅ ነው። ሲያልፉ ግን ትኋን የለ፣ አይጥ የለ፣ ቁንጫ የለ። «ያለ ደመወዝ ጠርገው ሄዱ» ትልና አኮ ተመልሳ ትተኛለች።

ያኔ ጫካው በራሱ የበቀለ ይመስለኝ ነበር። አልነበረም። በየዓመቱ ነሐሴና መስከረም ምንጣሮ ይካሄዳል፤ ቁጥቋጦው ይቆረጣል፣ ዋንዛና ሰሳ ለጥላ ይተዋል፣ ኮረሪማውም ቦታው ይጠበቅለታል። ደኑን ያቆየው ደግሞ ሕግ ከመምጣቱ በፊት ቡናው ነው፤ ጥላ የሌለው ቡና እንደማይሆንለት የሚያውቅ ገበሬ ዛፉን አይነካም። ዩኔስኮ የያዩን ደን በ2002 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ የመዘገበው፣ ከ167 ሺህ ሄክታር በላይ የሆነው ያ መሬት የዱር ቡና መገኛ ስለሆነ ነው። ዛሬ ማዕከላዊው ክልል ውስጥ መልቀም አይፈቀድም፤ ከእሱ ወጣ ባለው ይለቀማል። ከዚያው ደን ብዙም ሳይርቅ የድንጋይ ከሰል ወጥቶ የማዳበሪያ ፋብሪካ ይሠራል ተብሎ ተጀምሮ ሳይጠናቀቅ ቆመ። እሱን ለማየት አልሄድኩም።

ስንመለስ ፈተናው ኬላ ነበር። በዚያ ዘመን ቡና ከወረዳ ወረዳ በዘፈቀደ አይወጣም፤ ኬላው ላይ ጆንያ ይፈተሻል፣ የጣሳ መጠን ያለው እንኳ ይጠየቅበታል። አኮ ለእናቴ የምትሰጣት ቡና ብዙውን ጊዜ ሕፃኑ በታዘለበት አንቀልባ ሥር ያልፍ ነበር። ልጁ ዛሬ ጎልማሳ ሆኖ ኮንትሮባንድ በማመላለስ የጀመርኩት እኔ ነኝ እያለ ይቀልዳል።

1977 ሌላ ዓመት ነው። ከወሎና ከትግራይ በድርቅ የተነሡ ሰዎች በመኪና በመኪና እየተጫኑ በመቱ በኩል አለፉ፣ ሌሎችም በዙሪያችን ሰፈሩ። በሰፈራው በአገሪቱ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከቦታው እንደተነሣ ይነገራል፤ ኢሉባቡር ከዋነኞቹ ተቀባዮች አንዱ ነበር። ከደጋ የመጣ ሰው በዚያ ዝናብ ላስቲክ ሥር ሲያድር፣ ወባው ሲጥለው አየን። እናቴ ሸራችንን አጣጥፋ አንድ ማለዳ ይዛ ወጣች፣ ባዶ እጇን ተመለሰች። ማንም አልጠየቃትም። በዚያ ዓመት መንገድ ላይ ጭቃ ሲይዘን ደስ አላለንም፤ ዕድሜያችን ከፍ ብሎ ይሁን ያየነው ነገር፣ መለየት አልችልም። ካርልሃይንዝ በም የተባለው የፊልም ተዋናይ የእርዳታ ድርጅቱን ይዞ ወደ ኢሉባቡር የመጣው በእነዚያ ሰፋሪዎች ምክንያት ነው፤ የመቱ ሆስፒታል እስከ ዛሬ ካርል የሚለውን ስም ይዟል።

ከዚያ ቀስ በቀስ ሌሊቶቹ ጠፉ። ሶር ላይ የተሠራው 5 ሜጋ ዋት የኃይል ማመንጫ መብራት ሰጠ፤ ኩራዛችን መደርደሪያ ላይ ወጣ። አኮ ሞተች። አስፋልቱ ከበደሌ እስከ መቱ፣ ከመቱ እስከ ጎሬ ተነጠፈ። አስፋልቱን የሚራገም ትዝተኛ አትቁጠሩኝ፤ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ስትጓዝ ያየ ሰው ጭቃን አይናፍቅም። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ መንገዱ ሲያጥር ማደሪያው አብሮ ቀረ፤ ይህንን ደግሞ ከመሐንዲሶቹ ማንም ሊያስብልን አይችልም ነበር።

ልጆቼን ይዤ የሄድኩት በቅርቡ፣ ግንቦት ላይ ነው። ሶር ፏፏቴን ለማየት በቾ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በእግር ጫካውን አቋርጠን ወረድን። በትምህርት ቤት ዘመናችን በጭነት መኪና እየዘፈንን መጥተን፣ ዝናብ ዘግቶብን በቾ ዘመድ ቤት ተከማችተን የምናድርበት ጉዞ ነበር። ፏፏቴው እንደዚያው ነው፤ ጭጋጉ ፊት ያርሳል፣ ድምፁ ማንንም አያስወራም። ልጆቹ ፎቶ አነሡ፣ ሙዝ በሉ፣ ማታ መቱ ሆቴላችን ገብተን ሻወር ወስደን ተኛን። ቀኑ ምንም አልጎደለውም። ጎደለ የምለውን ነገር ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ትንሹ «ጭቃ ውስጥ መቅረት ነው የናፈቀህ?» አለኝ።

በማግስቱ ያዩ፣ የአጎቴ ልጅ ዘንድ ሄድን። የአኮን ቡና አሁን የሚይዘው እሱ ነው፤ የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ነው፣ ቀይ እሸት ያስረክባል፣ አልጋው በሽቦ መረብ የተሠራ ነው። ድንኳን እንደያዝን፣ ማማው ሥር አንድ ሌሊት ማደር እንደምንፈልግ ነገርኩት። ድንኳኑን አገላብጦ አየውና ሳቀ። «ምን ትጠብቃለህ?» አለኝ። በግንቦት የሚለቀም የለ፣ የሚጠበቅ የለ። ቤቱ ሦስት ትርፍ ፍራሽ እንዳለው፣ ሚስቱ ዶሮ እንዳረደች ተናገረ። ክርክር አልነበረውም፤ በፍራሹ አደርን።

ስንሰናበት ግን ቃል አስገባኝ። «ኅዳር ና። ልጆቹንም አምጣ፤ ማማ ላይ ያድራሉ፣ ግን ይለቅማሉ። ለማደር ብቻ የሚመጣ እንግዳ ቡና ሰዓት ላይ አልቀበልም።» ልጄ እስከዚያ ድረስ ጆሮዋ ላይ የነበረውን ማዳመጫ አወጣች።

«ጋሼ፣ ለለቃሚ በኪሎ ስንት ትከፍላለህ?»

ነገራት። በጣቷ አስልታ ይነሳል አለች። የዘመድ ልጅ በቀን ሦስት ጊዜ ስለሚበላ ሒሳቡ በዚያ እንደሚካካስ አስረዳት። ጎደሬ የማትወድ ከሆነስ ብላ ጠየቀች። መኪናው ሁሩሙ እስኪደርስ ድረስ በስልክ ሲከራከሩ ሰማሁ።